ነጥቧን ትቼ ጭረቷን ያዝኩ፦ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን ሜሪያም ዌብስተርን ስድስት ወር ተጠቅሜበት

ሥራዬ ስልክ ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የነርቭ ሕክምና ክሊኒክ አለ፤ እዚያ ለታካሚዎች ቀጠሮ እሰጣለሁ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስሙን የምጠራው ምርመራ አለ። ጭንቅላት ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ተለጥፈው የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡበት ነው። ሰው ሁሉ ኢ ኢ ጂ ይለዋል። ለታካሚም ይሄው ይበቃል። «ማታ ፀጉርዎን ታጥበው ይምጡ፤ ቅባት ግን እንዳይቀቡ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

የኢንሹራንስ ሰዎች ግን አንዳንዴ ሙሉ ስሙን ይጠይቃሉ። ማታ የምማረው የሕክምና ቃላት ኮርስም በአፍ ይፈትናል። አስተማሪዋ ካርድ ታነሣለች፤ እኛ ጮክ ብለን እናነባለን። ለኔ መጀመሪያ የደረሰኝ ካርድ ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራም የሚል ነበር። ቀጥሎ ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራፊ መጣ። ሁለቱን በአንድ ዜማ አነበብኳቸው። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

ያኔ ስልኬ ላይ በየወሩ የሚከፈልበት አንድ የንግግር መለማመጃ አፕ ነበር። ስሙ ይቅር። ድምፁ የማሽን ነው። ረጅም ቃል ሲሰጡት ሁሉንም ክፍል እኩል እየረገጠ ያልፋል። እኔም እሱን ሰምቼ፣ እሱን መስዬ ነበር ክፍል የገባሁት። በዚያው ሳምንት ሰረዝኩት። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ «ሜሪያም ዌብስተር ግቢና ስሚው፤ ነፃ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሆነኝ። ረጅም የሳይንስ ቃል ለሚያስቸግረው ሰው ልጽፍለት የፈለግኩት ስለዚህ መዝገበ ቃላት ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ድረ ገጹም አፑም ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ማስታወቂያ ግን አለው። ቃሉን ትጽፋላችሁ። ከጎኑ የድምፅ ማጉያ ምልክት አለ፤ እሱን ስትነኩት ሰው ቃሉን ያነብላችኋል። ማሽን አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው። ከድምፁ አጠገብ ደግሞ አነባበቡ በምልክት ተጽፎ ይገኛል። እኔ ከዚህ ሌላ የታተመውንም ገዛሁ። ኮሊጂየት የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2003 የወጣው 11ኛው እትም ነው። የቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ላይ በ3 ዶላር አገኘሁት። ማታ ማታ ስልክ ከማየት እሱን ማገላበጥ ይሻለኛል።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በነጥቦቹ ነው። መጽሐፉ እያንዳንዱን ረጅም ቃል መሀል መሀሉ ላይ ትንንሽ ነጥብ እያስገባ ይጽፈዋል። ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራምን ኢሌክ፣ ትሮ፣ ኤን፣ ሴፍ፣ አ፣ ሎ፣ ግራም ብሎ በሰባት ይከፍለዋል። እኔ አፍ የሚከፋፈለው እንደዚህ ነው ብዬ አመንኩ። ሰባቱን ሸመደድኩ። ድምፁን ስሰማ ግን አልገጠመልኝም። ሰውየው ስምንት ጊዜ ነው አፉን የሚከፍተው።

ነገሩን ያገኘሁት የመጽሐፉን መግቢያ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። ነጥቦቹ ለአፍ አልተቀመጡም። ለአታሚና ለጸሐፊ የተቀመጡ ናቸው። መስመር አልቆ ቃሉ ወደ ታች ሲወርድ የት ላይ ሰረዝ አግብቶ መቁረጥ እንደሚቻል ያሳያሉ። አንዲት ፊደል ብቻዋን መስመር መጨረሻ ላይ እንድትቀር አይፈልጉም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ኢ ከሌክ ጋር አጣበቋት። ስንናገር ግን ለብቻዋ አንድ ክፍል ናት። ሰባትና ስምንት የተለያዩት በዚህ ነው።

ሴፍ እና አ የሚለውንም እዩት። ነጥቡ የፍ ድምፅን ከሴ ጋር ያስቀራል። የአነባበብ ምልክቱ ደግሞ ሴ ብሎ ቆርጦ ፈ ብሎ ይቀጥላል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት አከፋፈል። ሦስተኛም አለ፤ የትርጉሙ። ኤሌክትሮ ኤሌክትሪክ ነው። ኤን በግሪክ «ውስጥ» ማለት ነው፤ ኬፋሌ ደግሞ «ራስ»። ራስ ውስጥ ያለው አንጎል ነው። ግራም የተጻፈ ነገር ነው። ትርጉሙን ለማወቅ እዚህ ላይ ነው የሚቆረጠው። አፍ ግን ለትርጉም ግድ የለውም፤ በራሱ ቦታ ይቆርጣል። ለፈተና የምታጠኑ ሰዎች፣ እነዚህን ሦስቱን አትደባልቁ። እኔ ሦስት ሳምንት ያባከንኩት እነሱን በመደባለቅ ነው።

መዝገበ ቃላቱን የጀመረው ኖህ ዌብስተር ራሱ በዚህ ነገር ብዙ ተጨንቋል። በ1783 ለልጆች ያወጣው የፊደል መጽሐፍ ቃላትን እየከፋፈለ የሚያስተምር ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ክለ-ስተር፣ ሃ-ቢት እያሉ ይከፍሉ ነበር። እሱ ክለስ-ተር፣ ሃብ-ኢት መባል አለበት አለ፤ ጆሮ የሚሰማው እንደዚያ ነው ብሎ። ትልቁን መዝገበ ቃላት ያወጣው በ1828 ሲሆን 70,000 ያህል ቃል ይዟል። በ1843 ሲሞት የሜሪያም ወንድማማቾች መብቱን ገዙ። ስሙ ሁለት የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን መዝገበ ቃላት የምወድለት ነገር ሁለት ትንንሽ ጭረት ነው። አንዷ ከላይ ትቀመጣለች፤ ሌላዋ ከታች። የላይኛዋ ያለችበት ክፍል ከሁሉ በልጦ ይጎላል። የታችኛዋ ያለችበት መካከለኛ ጉልበት ያገኛል። ምልክት የሌለው ክፍል ቶሎ ይታለፋል። በቃ ይሄው ነው። የማሽኑ ድምፅ የነፈገኝ ይሄንን ነው።

በግራም የሚያልቀውን ካርድ ስንወስድ አነባበቡ በኛ ፊደል እንዲህ ይሆናል፦ እ-ሌክ-ትሮ-እን-ሴ-ፈ-ለ-ግራም። ስምንት ክፍል ነው። የላይኛዋ ጭረት ሴ ላይ ናት። ሌክ እና ግራም ላይ የታችኛዋ አለች። ግራፊ ሲሆን ግን ዘጠኝ ይሆናል፦ እ-ሌክ-ትሮ-እን-ሴ-ፈ-ላ-ግረ-ፊ። የላይኛዋ ጭረት ሴን ትታ ላ ላይ ሄዳ ታርፋለች። ሴ ወደ መካከለኛ ትወርዳለች። በግራሙ ላይ ለ የነበረችው እዚህ ላ ሆነች። መጨረሻው ስለተቀየረ የቃሉ ሆድ ተቀየረ። እኔ ሁለቱን ካርዶች በአንድ ዜማ ያነበብኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ይህን ለአባቴ ስልክ ላይ ነገርኩት። አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም። ጥቂት ሰማኝና «ታዲያ ይሄ የኛው ተነሽና ወዳቂ አይደል እንዴ?» አለኝ።

«እንዴት አባባ?»

«ግዕዝ ስናነብ ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ሰያፍ አለ፣ ተጣይ አለ። ፊደሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ድምፁን የት እንደምታነሺና የት እንደምትጥዪ ካላወቅሽ መምህሩ ያስቆሙሻል። እንግሊዞችም እንደዚያው ናቸዋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ባዕድ መሆኑ ቀረልኝ። አማርኛም እኮ የራሱ የተደበቀ ነገር አለው። ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው በፊደሉ አይታወቅም። አለ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። ማጥበቅና ማላላትን አንጽፈውም፤ ጆሯችን ግን ያውቀዋል። የእንግሊዝኛ ጉልበትም ተራው ጽሑፍ ላይ የለም። ተናጋሪው ከልጅነቱ ያውቀዋል። እኛ ግን የሚያሳየን ሰው ያስፈልገናል። ይሄ መዝገበ ቃላት ያንን በጭረት ያሳያል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የሚያስደስት ነው። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የተገለበጠች ትንሽ ኢ ትበዛለች። ጉልበት የሌለው ክፍል ላይ የምትመጣ፣ ደከም ያለች ድምፅ ናት። ለብዙ የሌላ አገር ተማሪ ከባድ ናት ይላሉ። ለኛ ግን ግዕዙ ፊደል አለልን። ፈ፣ ለ፣ በ፣ መ ስንል የሚወጣው ድምፅ ለእሷ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ሴፋሎ አትበሉ፤ ሴፈለ በሉ። ፋን ፈ፣ ሎን ለ ስታደርጉት ቃሉ ወዲያው ይቀላል። እኔ ደግሞ መሀሉ ላይ ፈለግ የምትለውን ቃላችንን አገኘኋት፦ ፈለግ፣ ከዚያ ራም። ምርመራው የአንጎልን ፈለግ በመስመር የሚያስቀር አይደል? እንደዚያ ብዬ ያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋኝም።

ሁለተኛው የሚያስቸግረን ነው። ሳድስ ፊደል። ክ፣ ት፣ ን፣ ግ፣ ም ስንጽፍ አንዳንዴ ድምፅ አላቸው፣ አንዳንዴ የላቸውም። ቃሉን በፊደላችን ብትጽፉት 13 ፊደል ይሆናል። እኔ ለእያንዳንዱ ሳድስ ትንሽ ትንሽ ድምፅ እየሰጠሁ ነበር የማነበው። ትሮ ሲባል ት ላይ ቆሜ፣ ግራም ሲባል ግ ላይ ቆሜ። እንዲህ ሲሆን ስምንቱ ወደ አሥራ ምናምን ያድጋል። ሰሚው ቆጠራው ይጠፋበታል። ስልክ ላይ «ምን አልሽ?» የሚሉኝ ለዚህ ነበር። ትር እና ግር አንድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጡት።

የተለማመድኩት ከኋላ ወደ ፊት ነው። ግራም እላለሁ። ከዚያ ለግራም። ፈለግራም። ሴፈለግራም፣ እዚህ ላይ ጉልበቴን ሰጥቼ። እንሴፈለግራም። እንዲህ እያልኩ እስከ መጀመሪያው እወጣለሁ። ከፊት ስጀምር መጨረሻው ላይ ትንፋሼ ያልቅና እንደናቀፋለሁ። ከኋላ ስጀምር ግን ወደማውቀው ቦታ ነው የምሄደው። ጠዋት ሬድ ላይን ባቡር ላይ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ሠርቼዋለሁ። ድምፁን ነክቼ እሰማለሁ፣ እደግማለሁ፣ እንደገና እነካለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ቃሉ የኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ደግሞ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ከፈተልኝ። ጭረቷን በብዙ ገጽ ላይ ስከታተል መጨረሻቸው ግራፊ፣ ሎጂ፣ ስኮፒ የሆኑ ቃላት ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። ከኋላ ስትቆጥሩ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው ጉልበቱ። ካርዲዮሎጂ ላይ አ-ለ-ጂ ከሚለው ጭራ የመጀመሪያዋ አ ናት። ፎቶግራፊም እንደዚያው፣ ባዮሎጂም እንደዚያው። የአንገት በላይ ሐኪሞች ሙያ ስሙ ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ ነው፤ ዘጠኝ ክፍል አለው፤ ጉልበቱ ጋ ላይ ነው፤ ከኋላ ሦስተኛው። አሁን አዲስ ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጭራውን ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ምልክቶቹ የቤቱ የራሱ ናቸው። ሌሎች ብዙ መዝገበ ቃላት የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የድምፅ ፊደል አይደለም። ሁለት ነጥብ ያላት ኤ፣ ሰረዝ የተሰመረባት ኢ፣ እያንዳንዷን ከገበታው ላይ መማር አለባችሁ። ሁለት ቀን ይበቃል፤ ግን ያለዚያ ጽሑፉ ግራ ያጋባል። ሌላው፣ ከዋናው ቃል የወጡ ቃላት ብዙ ጊዜ የዋናው ጭራ ላይ ይቀመጣሉ። መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ አነባበባቸው በቁራጭ ነው የሚጻፈው፤ የተቀየረው ክፍል ብቻ። ቀሪውን ራሳችሁ ከላይ ወስዳችሁ ትገጥማላችሁ። ለጀማሪ ይሄ አድካሚ ነው። ቃሉም ብቻውን ነው የሚነበበው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚሮጥ ለመስማት እኔ ዩግሊሽ ላይ እሄዳለሁ። ቃሉን ስትጽፉለት ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ቃሉን ያሉበትን ቦታ እየመረጠ ያሰማል። ሐኪሞች ሲያስተምሩ መስማት ጥሩ ነው።  መጀመሪያ ጭረቷን ከዌብስተር፣ ቀጥሎ ሩጫውን ከዩግሊሽ፤ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ግን የአሜሪካ መሆኑ ነው። ይሄ እኔን በጣም ነክቶኛል።

አገር ቤት ነርሲንግ ስማር አንድ መምህር ነበሩን። የአንጎል ብግነትን ኤንኬፋላይቲስ ነበር የሚሉት፤ በኬ። እኛም በኬ ተማርን። እዚህ ስመጣ ሁሉም ሰው ኤንሴፋላይቲስ ይላል፤ በሴ። ዌብስተርም በሴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለዓመታት መምህሬ ተሳስተው ያስተማሩን መስሎኝ ኖርኩ። የእሳቸውን አነጋገር ከአፌ ለማውጣት ብዙ ታገልኩ። እንዲያውም ትንሽ አፍሬባቸዋለሁ፤ ይሄን ስጽፍ ደስ አይለኝም።

ባለፈው ወር የኦክስፎርድን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ለብሪታንያ እንግሊዝኛ ሁለቱንም ጽፎታል። ሴም አለ፣ ኬም አለ። ቃሉ ከግሪክ ሲወጣ እኮ ኬ ነው፤ ኬፋሌ። ጀርመኖችም ኬውን አልተዉትም። ይህን ምርመራ በሰው ላይ መጀመሪያ የሠራው ሃንስ በርገር ነው፤ ጀርመን ውስጥ የና በምትባል ከተማ፣ በ1924። በ1929 ጽፎ ሲያወጣው በጀርመንኛ የሰጠው ስም ውስጥ ያለው ኬ ነው። ኬ ስህተት አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ አሜሪካ የምትሠሩ ከሆነ ዌብስተር ይበቃችኋል፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚሰማው እሱ የሚለው ነው። አገር ቤት ወይም እንግሊዝ አገር ከሆናችሁ ግን አንድ የብሪታንያ መዝገበ ቃላት ከጎኑ አድርጉ። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ሰው ተሳሳተ አትበሉ።

እሑድ ዕለት ለመምህሬ ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ ነው የሚኖሩት።

«ጋሼ፣ ኤንኬፋላይቲስ ልክ ነው» አልኳቸው።

«ማን ስህተት ነው አለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ እንደዚያ ያሰብኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔን ያስተማረኝ ሐኪም እንግሊዝ አገር የተማረ ነበር» አሉኝ። «ከአፉ ነው የወሰድኩት። እስቲ ያንን ረጅሙን በይው፤ የምርመራውን።»

«እ-ሌክ-ትሮ-እን-ሴ-ፈ-ለ-ግራም።»

እሳቸውም ቀስ ብለው ደገሙት፤ በኬ። ጉልበቱን ያሳረፉት ግን እኔ ያሳረፍኩበት ቦታ ላይ ነበር።